የጋሽ አደሎ አብራሪዎች

ቴፒ ላይ አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ላምና በሬው ከሜዳው ይባረር ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ከነበረው ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው ግርግር ነው። ሜዳው ሣር ነበር። አስፋልት የለው፣ አጥር የለው፤ በጋ ላይ ከብት ይግጥበታል፣ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ዳኮታ የሚሉት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሰማዩ ሲፈቅድ ከጅማ ይመጣና ቡና ጭኖ፣ ሰው ጭኖ፣ አንዳንዴም ዶሮና ማር ጭኖ ይመለሳል። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፣ መሀሉ ላይ የቡናው ጆንያ በገመድ ታስሮ ይከመራል። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው የማሾፍባቸው ይመስላቸዋል።

የሜዳው ዘበኛ ጋሽ አደሎ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ይታለፍልኝ። የከፋ አገር ሰው ነው። ጎረምሳ ሆኖ ከቦንጋ ወገን መጥቶ ሜዳው ገና ጫካ ሳለ ዛፉን ከቆረጡት አንዱ እንደነበረ ይናገራል፤ ዛፉ ካለቀ በኋላ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ ግን እዚያው ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ ያለ ሰው ነበር። አንድ አብራሪ የሰጠውን ካኪ ኮት ሐሩሩም ቢሆን አያወልቀውም። ከብቱን ቶሎ ያላነሳ ሰው ካለ እዚያው ሜዳ ላይ የሰውዬውን ዘር ማንዘር እያነሳ ይሰድባል፣ ቂሙንም እስከሚቀጥለው አውሮፕላን ድረስ ይዞ ይቆያል።

ዋናው ሥራው ግን ጭስ ነበር። አውሮፕላኑ ከጅማ መነሳቱን በቡና እርሻው ቢሮ ያለው ሬዲዮ ሲናገር ሰው እየሮጠ መጥቶ ይነግረዋል። ጋሽ አደሎ ከብቱን ያባርርና ሜዳው ጫፍ ላይ ደረቅ እንጨት አንድዶ፣ እሳቱ ሲይዝ እርጥብ ቅጠል ይጭንበታል። ነጩ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያዘነብላል፤ አብራሪውም ጭሱን አይቶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያውቅና በዚያው ልክ ዞሮ ያርፋል። ለዚህ ሥራ የተሰቀለ ጨርቅ ሜዳው ዳር በቆመ ምሰሶ ላይ ነበረ ይባላል፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን የቀረው ምሰሶው ብቻ ነበር። ጨርቁ በመቀደዱ ጋሽ አደሎ ደስ ሳይለው አልቀረም።

አውሮፕላኑ ተነስቶ ከሄደ፣ ከብቱም ወደ ግጦሹ ከተመለሰ በኋላ፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የሰፈሩ ልጆች ጎደሬ በእጃችን ይዘን ወደዚያ እሳት እንሄድ ነበር። ነበልባሉ ያኔ አልቆ ፍሙ ብቻ ይቀራል። ጎደሬውን አመድ ውስጥ እንቀብርና ጭሱ ወደ ዓይናችን በመጣ ቁጥር ቦታ እየተቀያየርን እንጠብቃለን። ጋሽ አደሎ ፋኖሱን አብርቶ ጎጆው ደጃፍ ላይ ይሰቅላል፣ ግንድ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ያወራል። መሀል ላይ የሚናገር ልጅ ካለ ብድግ ብሎ ጎጆው ይገባል። ለምነን፣ የተናገረውን ልጅ በኩርኩም ብለን ነው የምናስወጣው።

ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ አውርቶልን አያውቅም። የእሱ ተረት ሁሉ ስለ አብራሪዎች ነበር። አንድ ክረምት አውሮፕላኑ ጭቃ ውስጥ ተይዞ አብራሪው ጎጆው ውስጥ ከርሞ ነበር፤ ተረቱን ሁሉ የሰማው ከሱ ነው። እንግዲህ ሰምቶ ምን ያህሉን እንዳለ ይዞ ምን ያህሉን ከራሱ እንደጨመረበት እግዜር ይወቀው።

ብስክሌት ጠጋኝ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ይል ነበር። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ብስክሌት ይጠግናሉ፣ ማታ ማታ ወፍ ያያሉ። ሰው ሲስቅባቸው ነፋስና አሸዋ ብቻ ወዳለበት አገር ሄደው፣ አንደኛው በሆዱ ተኝቶ ተነሳ፣ ሌላኛው በእግሩ ከጎን ከጎኑ ሮጠ። ደግሞ እግሩን እሳት ያቃጠለው ፈረንሳዊ ነበረ፤ በምርኩዝ መጥቶ ተሳፈረና በጭጋግ ውስጥ ባሕር ተሻገረ። ባሕር አይተን ስለማናውቅ «የባሮን ወንዝ ያህላል?» አልነው። «ባሮ ምራቅ ነው» አለን። ሴት ልጅ ስለሆንኩ ይሁን፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ውቅያኖሱን ለብቻዋ የተሻገረችዋን ሴት ነበር። በረዶ ክንፏ ላይ ይጋገራል፣ ሞተሩ እሳት ይተፋል፣ እሷ ግን ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ የሰው ግጦሽ ላይ ላሞች መሀል ታርፋለች። እዚህ ሲደርስ ጋሽ አደሎ ይናደዳል። «ላሞቹን የሚያባርር አንድ ሰው እንኳ የላቸውም?» ይላል፣ የዚያን አገር ሰው በሙሉ እየታዘበ።

ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር የጋሽ አደሎ አብራሪ ሁሉ የሚያርፍ መሆኑ ነው። ደመና ቢሆን፣ ነዳጅ ቢያልቅ፣ ክንፍ ቢቀደድ፣ ያርፋል። ከመንገድ የተመለሰ የለም። የወደቀም የለም። እኛም እየተዝናናን ጎደሬያችንን በላን።

አባቴ የቡና እርሻው ውስጥ ቡና የሚመዝን ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው፣ ግን ከሥራ ሲመለስ ከእኛ ጋር ፍሙ ዳር ቁጢጥ ብሎ ተረቱን እንደ ልጅ ይሰማ ነበር። እናቴ ግን አትሰማም። የጌጫ ልጅ ናት፣ ደጋ አድጋ ቆላ የገባች፣ በትንሽ ሱቋ ጨውና ላምባ የምትሸጥ፣ በሰው ስታሾፍ ፈገግ እንኳ የማትል። ጋሽ አደሎ ለፋኖሱ ላምባ ሊገዛ ሲመጣ ትጠብቀዋለች።

«አደሎ፣ ለመሆኑ አንተ ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

«እኔ ከተሳፈርኩ ማን ያሳርፈዋል?» ይላል ኮስተር ብሎ።

እናቴ እሱ እስኪርቅ ትጠብቅና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሳቋን ከማስታወስ በቀር ብዙ የተረፈኝ ነገር የለም።

ሁለተኛ ልጇን ያረገዘችው ያን ጊዜ ነው። ቀኗ ሲደርስ ክረምቱ ገብቶ፣ ወደ ሚዛን ከተማ የሚወስደው መንገድ ተቆርጦ፣ የጭነት መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሾፌሮቹ ሥራቸውን ትተው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ምጡ በሌሊት ያዛት። ጠዋት አልወለደችም። በማግሥቱም አልወለደችም። የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ ሆዷን ዳሰሰና አባቴን ወደ ደጅ አወጣው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ልጁ ተጋድሟል አለው፤ ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም፣ ዛሬውኑ ተሸክማችሁ ሚዛን ሆስፒታል ውጡ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዩ። ዛሬ ያ መንገድ ቁርስ በልቶ በሚኒባስ ተነስቶ ለሻይ ሰዓት የሚደረስበት ነው። ያኔ በሰው ትከሻ ቀኑንም ሌሊቱንም ይፈጃል።

ወንዶቹ ተጠሩ፣ ቃሬዛው ታሰረ፣ እናቴን በጋቢ ጠቅልለው አነሷት። እኔ የኮባ ቅጠል ፊቷ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዤ ጎን ጎኗን እሄድ ነበር። መንገዱ የሚያልፈው በሜዳው ጥግ ነው። እዚያ ስንደርስ ጋሽ አደሎ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ወዴት ነው?» አለ።

አባቴ ነገረው።

«በዚህ ጭቃ? ትገድላታለህ እንዴ? ሬዲዮው ተናግሯል፣ ነገ ጠዋት ከጅማ ይነሳል። ነገ በዚህ ሰዓት ጅማ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት።»

«ደመና ነው እኮ» አለ አንደኛው ተሸካሚ።

ጋሽ አደሎ ዞሮ አየው። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። «ደመና የፈራ አብራሪ ታውቃለህ አንተ? ንገረኛ፣ አንድ ጥራ!»

ማንም አንድ መጥራት አልቻለም። እኔም በልቤ አልቻልኩም። የምናውቃቸው አብራሪዎች ሁሉ እሱ የነገረን ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ ደመና አይፈሩም።

እናቴ ከቃሬዛው ላይ ተናገረች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር፣ ቃሏ ግን ጥርት ያለ ነበር። «እኔ በሰው ትከሻ ይሻለኛል። የሰውዬውን ወሬ ተዉትና ውሰዱኝ» አለች።

አባቴ ጎንበስ ብሎ «ዝም በይ፣ አትድከሚ» አላት። ከዚያ ለወንዶቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸውና ቃሬዛውን ወደ ቤት መለሱት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ሜዳው ላይ ነበርን። ዝናቡ አቁሟል፣ ደመናው ግን ወርዶ ጫካው ራስ ላይ ተኝቷል። ቃሬዛውን ጋሽ አደሎ ጎጆ ደጃፍ አስቀመጡት። እኔ እግሯን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ረፋድ ሲል ከደመናው መሀል አንድ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ከሜዳው በላይ፣ ሰማያዊ። ሰው ሁሉ አየው። በዚያው ቅጽበት ከቡና እርሻው አንድ ልጅ እየጮኸ መጣ፤ አውሮፕላኑ ከጅማ ተነስቷል።

ጋሽ አደሎ እሳቱን አንድዶ ነበር። እርጥብ ቅጠል ጫነበት። ጭሱ ትንሽ ሆነበት መሰለኝ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ «ቅጠል አምጡ! ዛሬ ጭሱ ጅማ ድረስ ይታይ!» አለ። እናቴን የማይወድ ሰው ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ሁሉም ወደ ጫካው ሮጠ፣ ሁሉም ታቅፎ መጣ። የኮባ ቅጠል፣ የቡና ቅርንጫፍ፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ሣር፣ ከየአቅጣጫው እየመጣ እሳቱ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተሸክመዋል። አንዲት ጎረቤታችን የቤቷን ክዳን ሣር ነቅላ አመጣች። ነፋስ አልነበረም። አየሩ እርጥብ ስለነበረ ጭሱ እንደ ወትሮው ወደ ላይ አልወጣም፤ ከእሳቱ ትንሽ ከፍ አለና መሬት መሬት ይዞ ሜዳው ላይ ተነጠፈ። መጀመሪያ ምሰሶው ጠፋ፣ ቀጥሎ ከወዲያ ማዶ የነበሩት ላሞች ጠፉ። ሰው እያሳለና ዓይኑን እየጠረገ አሁንም ቅጠል ይጨምራል። ድሬሰሩ ብቻ «በቃ፣ በቃ» ሲል ሰማሁት፣ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ከዚያ ሞተሩ ተሰማ። ከራሳችን በላይ ነበር፣ በጣም ቅርብ፣ ደረቴ ውስጥ ያስተጋባ ነበር። ዞረ። ድምፁ ራቅ ብሎ እንደገና ቀረበ፣ እንደገና ዞረ። ሰው ሁሉ አንጋጦ ነጩን ነገር ያያል። ደመናውን ይሁን ጭሱን፣ ያን ጊዜ የለየ አልነበረም። ጋሽ አደሎ ኮቱን አውልቆ እያውለበለበ በጭሱ ውስጥ ይሮጥ ነበር፤ ያለ ኮት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እዚህ ነን! እዚህ ነን!» ይላል።

ድምፁ ወደ ጅማ ዞረና እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው ትናንት ጀምረው ወደተውት የሚዛን መንገድ ገቡ። እኔ ጎረቤት ዘንድ ቀረሁ። የሚዛን መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ ቀኑን ሙሉ ደጁን አላየሁም፣ ነገ ማታ ነው የሚመለሱት እያልኩ። እነሱ ግን መንገድ ላይ ያለችው ሸኮ እንኳ ሳይደርሱ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በቀስታ እየሄዱ ሲመለሱ አየኋቸው። ማንም ምንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ አደሎ መጣ። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ፣ የሚያናግረው የለም። አባቴ ወደሱ ዞሮ «ጭሱ ነው» አለ። ጋሽ አደሎ «ደመናው ነው» አለ። አባቴ ደግሞ «ጭሱ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አባቴ እስኪሞት ድረስ ለዚያ ሰው ሌላ ቃል አልተናገረም። ለእኔም ቢሆን ስለዚያ ቀን የነገረኝ ነገር የለም፤ አንዳንዴ ብቻ እራት ላይ ቁራሹን ይዞ ይቀር ነበር፣ ምን እንደሚያስብ ስለማውቅ ውኃ አቀርብለት ነበር።

ትምህርቴን ለመቀጠል ወደ ሚዛን ስመጣ ስለ አብራሪዎቹ ፈልጌ አነበብኩ። ብስክሌት ጠጋኞቹ እውነት ነበሩ፣ ፈረንሳዊውም፣ ሴትየዋም። ከወንድማማቾቹ በአንደኛው አውሮፕላን የተሳፈረ አንድ መኮንን ግን ወድቆ ሞቷል። ላሞች መሀል ያረፈችው ጀግናዬም በሌላ ጊዜ ሌላ ውቅያኖስ ላይ ወጥታ እንደወጣች ቀርታለች፣ አጥንቷ እንኳ አልተገኘም። በዚያን ዘመን ከሰማይ ያልተመለሰውን ሰው ብዛት ሳይ መጽሐፉን ዘጋሁት። አርጅተው የሞቱት ብዙዎቹ ደመና ሲያዩ የተመለሱት ናቸው። ይህንን አንድ ነገር፣ ይህንን አንዲት ነገር ብቻ፣ አንድ ማታ ፍሙ ዳር ነግሮን ቢሆን ኖሮ አባቴ ያን ቀን የሚጠራው አብራሪ ባገኘ ነበር። ጎጆው የከረመው አብራሪ ሳይነግረው ቀርቶ ይሁን እሱ ራሱ ቆርጦ ጥሎት፣ አላውቅም። ለእኔ ልዩነት የለውም።

ያን ጠዋት በላያችን የዞረውን አብራሪ በልጅነቴ እረግመው ነበር። አሁን አልረግመውም። ከኋላው ሰው ጭኖ ነበር፤ የማያየው ሜዳ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ትክክል ሠርቷል። ትክክል መሆኑ ግን አንጀቴን አርሶት አያውቅም፣ የምረግመው ሰው አሳጣኝ እንጂ።

ከዚያ ሁሉ የባሰብኝ ነገር ግን የሆነው ገና ቴፒ ሳለሁ፣ እናቴ በሞተች በዓመት ከምናምኗ ነው። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሜ በሜዳው ጥግ ሳልፍ ልጆች ፍሙን ከበው ተቀምጠዋል፣ ከኛ ያነሱ፣ አዲስ የመጡ ሠራተኞች ልጆች። ጋሽ አደሎ ያወራል። ልቤ ላለመስማት ፈልጎ ነበር፣ እግሬ ግን ቆመ። አንዲት ሴት ነበረች ይላል፣ ምጥ የያዛት፣ መንገዱ ተቆርጦ። ደመናው ወርዶ ነበር ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቅጠል አመጣ፣ ጭሱም ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ደመናውን በስቶ ወጣ ይላል። አብራሪውም አየው። ወረደ። ክንፉ የጫካውን ራስ እየቆረጠ ወረደና እዚህ፣ እዚሁ፣ አረፈ።

ልጆቹ ጎደሬያቸውን አመድ ውስጥ ረስተዋል።

«ጅማ ወሰዳት። ወለደች፣ ወንድ ልጅ።»

ያን ጊዜ ቀና ሲል አየኝ። የፋኖሱ ብርሃን ፊቴ ላይ ነበር፣ ሊስተኝ አይችልም። ይደነግጣል፣ ወሬውን ያቋርጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንዱ ሕፃን ግን ሕጉን ስላልለመደ «ልጁ ማን ተባለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አደሎ አልተቆጣም፣ ጎጆውም አልገባም። እኔን አየኝ፤ ስሙን ከኔ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ዱቄቱን ራሴ ላይ አስተካክዬ ሄድኩ።

በጣም ጠላሁት። ይህን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፣ ዛሬም ስጽፍ እጄ አንቱ አልለውም የሚለው ለዚህ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ፣ እሱንም ልናገር። ከዚያ ቀን በኋላ ከወፍጮ ቤት ስመለስ በአቋራጩ መንገድ መሄድ ተውኩ። በሜዳው በኩል ነበር የምዞረው። ፍም ካለና ልጆች ካሉ እርምጃዬን ዝግ አደርጋለሁ፣ ብስክሌት ጠጋኞቹን ካወራ አልፋለሁ፣ የሴትየዋን ከጀመረ ዱቄቱን አውርጄ ከኮባው ጀርባ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ሴት ልጅም አላት ይል ነበር፤ ጅማ ድረስ ልትጠይቃት የምትሄድ።

ጋሽ አደሎ ከሞተ ቆይቷል። ያንን ተረት የሚያወራ ሰው የለም። ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው እውነቱን ነው፤ በእኔ አፍ እናቴ አንድም ቀን ጅማ ደርሳ አታውቅም።